የገበታ ቅቤን ለመቀባት በሚመች ልስላሴ በቤት ውስጥ ስለ ማቆየት

ከማቀዝቀዣ ወዲያው የወጣ ቅቤ ዳቦውን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቀባም፤ ምድጃ አጠገብ ተረስቶ የዋለ ቅቤ ደግሞ ቀልጦ ሳህኑ ላይ ይንጣለላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቅቤው ቅርጹን እንደያዘ ለቢላዋ በቀላሉ የሚታዘዝበት ጠባብ የሙቀት ክልል አለ። ቅቤ ሲጠጥርብን አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንፈልገው የሚያሞቅ ነገር ነው፤ ቅቤውን ከጣዕሙም ከልስላሴውም የሚያጎድለውም ይኸው ችኮላ ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው ቅቤውን ገና ከሱቅ እንደመጣ ከፋፍሎ ማስቀመጥን ነው፤ ቤተሰቡ በሁለት ቀን የሚጨርሰው ያህል ብቻ ተከድኖ ውጭ ይቀመጣል፣ የሳምንቱ በማቀዝቀዣ፣ ከዚያ የሚተርፈው በፍሪዘር ይቆያል። ከዚህ በታች የተጻፈው ይህ አሠራር እንዴት እንደሚፈጸምና ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ነው።

ቅቤ ለምን ይጠጥራል?

ደረጃውን የጠበቀ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶው የወተት ስብ ነው፤ ውኃው ከ16 በመቶ፣ ስብ ያልሆነው የወተት ቅሪት ደግሞ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ይደነግጋል። ውኃው በስቡ መካከል በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ተበትኖ ይገኛል። ስቡም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም፤ ከፊሉ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ፣ ከፊሉ ደግሞ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላለፈ የማይቀልጥ የብዙ ስቦች ድብልቅ ነው። ስለዚህ ቅቤ እንደ በረዶ በአንድ ቁርጥ ባለ የሙቀት ልክ አይቀልጥም፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጠጣሩ ስብ ጥቂት በጥቂት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል እንጂ።

በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ማለትም በ4 ወይም በ5 ዲግሪ፣ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስለሆነ ቢላዋው ይቸገራል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ የጠጣሩ ድርሻ በእጅጉ ስለሚቀንስ ቅቤው ቅርጹን ሳይለቅ ይለሰልሳል፤ ለመቀባት የሚመቸውም በዚህ ክልል ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ መላላትና ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ፈጽሞ ይቀልጣል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ጣት ይበቃል፤ ቅቤውን በንጹሕ ጣት ጫን ሲያደርጉት ያለ ትግል ጎድጎድ ብሎ ምልክቱን ከያዘ፣ ጣትዎ ግን ወደ ውስጥ ካልሰመጠና ላዩ በዘይት ካላብረቀረቀ፣ ልኩ ላይ ደርሷል። ለኬክ ከስኳር ጋር የሚመታ ቅቤም ሊኖረው የሚገባው ልስላሴ ይኸው ነው።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ላሟ የበላችው መኖ በቅቤው ልስላሴ ላይ ይታያል። ለምለም ሣር የጋጠች ላም ወተት በቀዝቃዛ ጊዜም ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ስብ ይበዛበታል፤ ድርቆሽ በምትበላበት ወቅት ደግሞ ቅቤው ጠጠር ይላል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረም የሚገኘው ቅቤ ከመጋቢቱ ይልቅ ለስለስ ብሎ ቢጫነቱም ደመቅ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቅቤ አንዱ ወር ላይ ታዛዥ፣ ሌላው ወር ላይ ግትር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ለሥራው ይበልጥ ይጠቅማል። ጠጣሩ ስብ በጥቃቅን ክሪስታሎች መልክ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ይሠራል፤ ቅቤው ሲታሽ ወይም ሲመታ ይህ መረብ ስለሚበጣጠስ ሙቀቱ ምንም ሳይጨምር ቅቤው ይለሰልሳል። ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በስቡ መካከል የተበተኑት የውኃ ነጠብጣቦች ተሰባስበው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ስቡም ተመልሶ ሲረጋ ሸካራና ፍርክስክስ ያለ ይሆናል። ቀልጦ የረጋ ቅቤ ለወጥና ለጥብስ ያገለግላል፤ የቀድሞውን ልስላሴ ግን አይመልስም። ቅቤን ከማቅለጥ መታሸቱ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንት፣ የትና በምን?

መጠኑን ለመወሰን ቤተሰቡ በቀን ስንት ቁራጭ ዳቦ እንደሚቀባ ማሰብ በቂ ነው። ለአንድ መካከለኛ ቁራጭ 10 ግራም ያህል ቅቤ ይበቃል፤ አራት ሰዎች ለቁርስ ሁለት ሁለት ቁራጭ ቢበሉ በቀን 80 ግራም ይወጣል፣ ለሁለት ቀን ደግሞ 160 ግራም ማለት ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው 200 ግራሙን ጥቅል በሙሉ ውጭ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም፤ አንድ አምስተኛውን ቆርጦ ቢያወጣ ይበቃዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ቅቤ በክፍል ሙቀት ከ1 እስከ 2 ቀን፣ በማቀዝቀዣ ከ1 እስከ 2 ወር፣ በፍሪዘር ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር ቢቆይ ጥራቱን እንደሚጠብቅ ይመክራል። ጨው ያለበት ቅቤ ጨው ከሌለበት ይልቅ ውጭ መቆየትን ይችላል፤ በእነዚያ ጥቃቅን የውኃ ነጠብጣቦች ውስጥ የሟሟው ጨው ተሕዋስያን እንዳይራቡ ይከላከላልና። ስለዚህ ውጭ ለሚቀመጠው ድርሻ ጨው ያለበትን እመርጣለሁ፤ ጨው የሌለበት ለኬክና ለማብሰያ በማቀዝቀዣ ይቆይ።

ረቡዕና ዓርብን በሚጾም ቤት ይህ ስሌት ከሳምንቱ አካሄድ ጋር ካልተጣጣመ ከቅቤው ጥቂቱ ሁልጊዜ ይባክናል። ዓርብ ማታ ለቅዳሜና ለእሑድ የሚበቃውን ማውጣት፣ እሑድ ማታ ለሰኞና ለማክሰኞ የሚሆነውን መተካት፣ ማክሰኞ ማታ የተረፈ ካለ ወደ ማቀዝቀዣ መመለስ፣ ረቡዕ ማታ ደግሞ ለሐሙስ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቁራጭ ማውጣት ነው። እንዲህ ሲደረግ ማንም የማይነካው ቅቤ መደርደሪያ ላይ አይውልም።

የሚቀመጥበት ቦታ ከቤት ቤት ይለያያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጥላ ያለበት ክፍል አብዛኛውን ዓመት ለቅቤ ተስማሚ ነው፤ በዚህ ረገድ የከተማው ነዋሪ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት፣ እንዲሁም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቅቤው ጠጠር ብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ባለ ወቅት ከግድግዳና ከወለል ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይመረጣል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በተለይም ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ የታችኛው ቁም ሣጥን ይሻላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ከተማ ቅቤው ውጭም ውሎ ስለሚጠጥር ከዚህ በታች የተገለጸው የዘይት ድብልቅ ወይም ማሸት ያስፈልጋል።

የእንጀራ ቀን ለብቻው መታሰብ አለበት። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ማእድ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲሠራ ክፍሉ በሙሉ ይግላል፣ እንፋሎቱም ይበዛል፤ ጠዋት ልኩ ላይ የነበረ ቅቤ እኩለ ቀን ላይ ቀልጦ ይገኛል። ሊጡን ማቡካት ሲጀምሩ ሳይሆን ምጣዱን ከመሰካትዎ በፊት የቅቤውን ዕቃ ወደ ሌላ ክፍል ቢወስዱት በቂ ነው። ቡና በሚቆላበት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚፈራው ጢሱና ሽታው ነው።

ቅቤ በአካባቢው ያለውን ሽታ ሁሉ በቀላሉ ይወስዳል። ከተከተፈ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት ወይም ከበርበሬ ዕቃ አጠገብ ተከፍቶ ያደረ ቅቤ ጠዋት ከማር ጋር ሲበላ ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ዕቃው በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው፣ ብርሃን የማያሳልፍም ይሁን። ብርሃንና አየር ስቡን ስለሚያበላሹት ብርጭቆ ሳህን ላይ ተቀምጦ መስኮት አጠገብ የሚውል ቅቤ ላዩ ይጠቁራል፣ ጠረኑም ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ጠጣር ቅቤን ለማለስለስ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ፈጥኖ ቢሠራም፣ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ለዕቃነት ሸክላ፣ ሴራሚክ ወይም የማይዝግ ብረት ተስማሚ ነው፤ መዳብ፣ ነሐስና ቀለሙ የተላጠ ቆርቆሮ ግን የስቡን መበላሸት ስለሚያፋጥኑ አይመረጡም።

ንጽሕናው ላይ ጥብቅ መሆን ይገባል። በቅቤው ውስጥ የሚቀር የዳቦ ፍርፋሪ፣ የማር ወይም የማርማላታ ጠብታ ለሻጋታ መነሻ ስለሚሆን፣ ለቅቤው ብቻ የሚያገለግል ንጹሕና ደረቅ ቢላዋ ይመደብ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ወደ ራሱ ሳህን ከወሰደ በኋላ በራሱ ቢላዋ ይቀባ። አሮጌው ሳያልቅ በላዩ ላይ አዲስ ቅቤ መጨመርም ጥሩ አይደለም፤ ከሥር የቀረው ቀናት ያስቆጠረ ቁራጭ አዲሱን ያበላሸዋል። ዕቃው ባለቀ ቁጥር በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ይሞላ። ላዩ ከውስጡ ይልቅ ጠቆር ያለ ቢጫ የሆነ፣ የኮመጠጠ ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ጣዕም ያለው ቅቤ ለገበታ አይሆንም፤ ሻጋታ የታየበት ደግሞ ተቆርጦ የሚተርፍ ሳይኖር በሙሉ ይጣል።

ቅቤን በውኃ አፍኖ ማቆየት

በውጭ አገር ማእድ ቤቶች የታወቀ፣ ከሁለት ክፍል የተሠራ የቅቤ ሸክላ አለ፤ ቅቤው በአንደኛው ክፍል፣ በጽዋው ውስጥ ታጭቆ፣ ጽዋው ውኃ በያዘው በሌላው ዕቃ ውስጥ ይደፋል፣ ውኃውም በጽዋው አፍ ዙሪያ ሆኖ አየር እንዳይገባ ይዘጋል። ይህን ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አፉ ሰፊ የሆነ ስኒና እርሱን የሚይዝ ጎድጓዳ ሳህን በየቤቱ አለ።

መጀመሪያ ቅቤው ለመታሸት እስኪመች ውጭ ይቆያል። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነ፣ በመካከል የአየር ክፍተት እንዳይቀር እየተደረገ፣ ወደ ስኒው ይታጨቃል፤ ክፍተት ከቀረ ቅቤው ስኒው ሲገለበጥ ይወድቃል። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ሁለት ጣት ያህል ይጨመርና ቁንጥር ጨው ይደረግበታል፣ ስኒውም በቀስታ ይደፋበታል። ውኃው በየሁለት ቀኑ መለወጥ አለበት፤ የደፈረሰ ከመሰለ ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ዘዴ ቅቤውን ከአየር፣ ከብርሃንና ከሽታ በአንድ ጊዜ ስለሚጠብቅ ለአዲስ አበባና ለመሰል የደጋ ከተሞች ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ክፍሉ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ቅቤው ከስኒው ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ይገባል።

ቆላ ላይ ላለ ቤት

በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በሰመራ የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ዓመት ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ ቅቤን ውጭ ማሳደር አይታሰብም። እዚያ የሚሻለው ቅቤውን አስቀድሞ በስስ በስሱ ቆርጦ፣ ቁራጮቹ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው የምግብ ወረቀት እያነጠፉ፣ በሚከደን ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ከገበታው አሥር ደቂቃ ቀድሞ የወጣ ስስ ቁራጭ ወዲያው ይለሰልሳል። ከማቀዝቀዣው ክፍሎች ደግሞ የበሩ መደርደሪያ ከውስጠኛው ሞቅ ያለ ስለሆነ በቅርብ የሚበላው እዚያ ይቀመጥ።

መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የረጠበ ሸክላ ይረዳል። ያልተለበጠ የሸክላ ዕቃ ውኃን በቀዳዳዎቹ እያሳለፈ ሲያተን ሙቀትን ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በእንስራ ያደረ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ መርሕ ተጠቅሞ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት ለገበሬዎች የአትክልት ማቆያ ሠርቷል። ለቅቤ የሚሆነው ትንሹ ነው፤ ክዳን ያለው የቅቤ ዕቃ በማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማሰሮው በጥላና ነፋስ በሚነካው ቦታ ይሆናል፣ በላዩ የሚሸፈነው ጨርቅም ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። አየሩ ደረቅ በሆነበት አካባቢ ለውጡ ግልጽ ነው፤ አየሩ እርጥበት በተሞላበት ወቅት ግን ውኃው ስለማይተን ብዙ አይጠቅምም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን የውጭው ሙቀት ሳይሆን የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ነው የሚቆጠረው፤ ማሽኑ ሲሠራ የዋለበት ክፍል ለቅቤ ይስማማል፣ ጠፍቶ ከቤት ሲወጣ ግን ቅቤው ወደ ማቀዝቀዣ መመለስ አለበት።

ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የሚቀባ ድብልቅ

ጠዋት ጊዜ ለሌለው፣ ልጆችን ለትምህርት ቤት ለሚያዘጋጅ ወላጅ፣ ቅቤን ከፈሳሽ ዘይት ጋር ማዋሃድ ከሁሉ የሚቀለው ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ የማይረጋ ዘይት በቅቤው ውስጥ የፈሳሹን ስብ ድርሻ ስለሚያሳድግ ድብልቁ በ5 ዲግሪም ለቢላዋ ይታዘዛል።

ለ200 ግራም ለስላሳ ቅቤ 80 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ የሱፍ ዘይት ይበቃል። ቅቤው በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በሹካ ወይም በእጅ መምቻ ማሽን ነጣ እስኪል ይመታል፤ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ሳይገለበጥ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ይጨመራል፣ ያለፈው ሙሉ በሙሉ ካልተዋሃደ ሌላ አይከተልም። ቅቤው ጨው የሌለበት ከሆነ አንድ አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ሲያልቅ ድብልቁ ወፈር ያለ እርጎ ይመስላል፤ አያስደንግጥዎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ይረጋል። ይህ ድብልቅ በክፍል ሙቀት በጣም ስለሚላላ ሁልጊዜ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቅ።

የዘይቱ ምርጫ ውጤቱን ይወስናል። የፓልም ዘይት በብዙ ቤት ቢገኝም በቅዝቃዜ ራሱ ስለሚረጋ ቅቤውን አያለሰልስም። የኑግ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ነገር ግን ቀለሙም ጣዕሙም ጠንካራ ስለሆነ የቅቤውን ጣዕም ይውጠዋል። የወይራ ዘይት ለሚወዱት ጥሩ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ በከፊል ስለሚረጋ ግን ድብልቁ ከሱፍ ዘይቱ ይልቅ ጠጠር ይላል። ዘይት መጨመር የማይፈልግ ሰው ቅቤውን ብቻውን በደንብ ቢመታው በውስጡ የሚገባው አየር ያቀለዋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ግን እንደገና ጠጠር ማለቱ አይቀርም።

እንግዳ ደርሶ ቅቤው ጠጣር ከሆነ

ፈጣኑና ቅቤውን የማይጎዳው መንገድ ስፋቱን መጨመር ነው። 200 ግራሙ ጥቅል እንዳለ ለመለስለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈልግ፣ በስሱ ተቆርጦ ሳህን ላይ የተዘረጋው በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ካሮት በሚፈቀፈቅበት መፈቅፈቂያ ጠጣሩን ቅቤ ቢፈቀፍቁት ደግሞ ገና ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ለመቀባት ዝግጁ ነው። ሌላው መንገድ ቅቤውን በሁለት የምግብ ወረቀት መካከል አድርጎ በሊጥ መዳመጫ መደብደብና መዳመጥ ነው፤ ከላይ የተነገረው መረብ ስለሚበጣጠስ ቀዝቃዛ ሆኖም ይታዘዛል።

ሙቀት የግድ ከሆነ ለስላሳ ሙቀት ይሁን። ወፍራም ብርጭቆ ወይም ሴራሚክ ኩባያ በፈላ ውኃ ተሞልቶ ሁለት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ውኃው ተደፍቶ፣ ውስጡ ፈጥኖ ደርቆ፣ በቆመ የቅቤ ቁራጭ ላይ ይደፋል፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ቅቤው ዙሪያውን ይለሰልሳል። ማይክሮዌቭ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም። ሙቀቱን የሚያደርሰው እኩል ባለመሆኑ የቅቤው አንዱ ወገን ቀልጦ ሌላው እንደ ጠጠረ ይቀራል፤ የቀለጠው ክፍልም ሲረጋ ሸካራ ይሆናል። ከሰል ምድጃ ወይም ጋዝ አጠገብ ማስቀመጥም ያንኑ ያደርጋል፣ ጢሱን ደግሞ ይጨምራል።

ለጋ ቅቤን በተመለከተ

ከገበያ የሚገዛው፣ ከእርጎ ተንጦ የወጣው ለጋ ቅቤ ከፋብሪካው የገበታ ቅቤ ይልቅ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ውኃና አሬራ ይበዛበታልና። ፈጥኖ ወደ በሳል የሚለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቀረው አሬራ ለተሕዋስያን ምግብ ስለሚሆን፣ ቅቤውን በቀዝቃዛ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ እያሹ ውኃውን መለዋወጥ፣ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድም አለማቆም ዕድሜውን ያረዝማል። መጨረሻ ላይ ውኃውን በደንብ ጨምቆ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ጨው አብሮ ማሸት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ቅቤ ከአብዛኛው ቤት የሚወጣው ካልፈላና ፓስቸራይዝ ካልተደረገ ወተት ነው፤ ማጠብም ሆነ ጨው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉትን የብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን አይገድልም። ስለዚህ በጥሬው ዳቦ ላይ መቀባቱን፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን፣ አልመክርም። ለጋ ቅቤ የሚያምርበት ቦታው ተነጥሮ ነው፤ በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ከተነጠረ በኋላ ውኃው ስለሚወጣለት ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ዳቦ ላይ የሚቀባውን የሀገር ቤት ጣዕም ያለው ቅቤ የሚፈልግ ሰው ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት አርግቶ፣ ወይም ክሬም ገዝቶ በንጹሕ ማሰሮ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ቢንጥ ሁለቱንም ያገኛል፤ የሚወጣውን ቅቤ ከላይ እንደተባለው አጥቦ ጨው ያድርግበት።

ጾም ሲገባ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ በቅበላ ሳምንት የተረፈ የገበታ ቅቤ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተከፍቶ ሊተው አይገባም። በየ100 ግራሙ ቆርጦ፣ እያንዳንዱን በምግብ ወረቀት ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ፣ ሁሉንም አየሩ በወጣለት ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ፍሪዘር ማስገባት ነው፤ የገባበትን ቀንም ላዩ ላይ ይጻፉበት። ፍሪዘር ውስጥ ሥጋና ዓሣ ካለ ቅቤው በተለየ ዕቃ ይሁን፣ ምክንያቱም ቅዝቃዜው ሽታውን አያግደውም። ለአጭር ጾም፣ ለምሳሌ ለፍልሰታ 15 ቀን፣ ያልተከፈተ ጥቅል በማቀዝቀዣ ቢቆይ ይበቃል።

ለፋሲካ ገበታ የሚፈለገው ዓርብ ስቅለት ማታ ከፍሪዘር ወደ ማቀዝቀዣ ይዛወር፤ በቀስታ ሲፈታ ውኃው ከስቡ አይለይም። ቅዳሜ ማታ ከቅዳሴ በፊት ደግሞ ወደ መደርደሪያ ይውጣ። ጥቅልሉን ግን ቅቤው የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ አይፍቱት፤ ቀዝቃዛ ቅቤ ተገልጦ ሞቃት አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ያም እርጥበት ለሻጋታ በር ይከፍታል። ከተለሰለሰ በኋላ የተረፈው ወደ ፍሪዘር አይመለስ፤ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በሳምንቱ ውስጥ ይበላ፣ ወይም ለእንቁላል ጥብስና ለገንፎ ይዋል።